በእኔ ዓይን የታዩ አባት

ያን መነጽር ያደረሰልን ከፖርት ሱዳን የመጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የጋራዡ ባለቤት ካርቶኑን በቢላዋ ቀዶ ሲያወጣው ሁላችንም ከየማሽኑ ሥር እየወጣን ከበብነው። መነጽር ይባል እንጂ እንደምናውቀው መነጽር አይደለም። ግንባር ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለው፤ ከቀበቶው በቀኝ በኩል ጣት የሚያክል ክንድ ይወጣል፤ ክንዱ ጫፍ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ መስታወት አለች። ወደዚያች መስታወት ዓይንህን ስትጥል ከፊትህ ትልቅ ስልክ የተዘረጋ ይመስልሃል። ከጎኗ ካሜራ አለ። አንተ የምታየውን ሁሉ፣ ሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው ያየዋል።

እኔ ገዳሪፍ ውስጥ የእርሻ ማሽን ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከመተማ ተሻግሬ የመጣሁት እንደ አብዛኛው ያገሬ ሰው ሰሊጥ ለማጨድ ነበር። ሁለት ክረምት ዶካ በኩል አረም ነቅያለሁ። በሦስተኛው አንድ ትራክተር ዋልካ ጭቃ ውስጥ ተበላሽቶ ሾፌሩ ብቻውን ሲታገል አገኘሁትና የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ሳቀብለው ዋልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማጭድ አልያዝኩም። እጄ ዘይት ለመደ፤ ዐረብኛውም ከዘይቱ ጋር ገባ። ሚስት ያገባሁትም ልጆች ያፈራሁትም እዚሁ ነው። ልጆቼ ወሬ በዐማርኛ ይጀምሩና በዐረብኛ ይጨርሱታል።

ከጦርነቱ በፊት የኮምባይነር ጥገና ሲከብደን ማሽኑን የሚሸጠው ድርጅት ከካርቱም መሐንዲስ ይልክልን ነበር። ካርቱም ስትፈርስ መሐንዲሶቹም ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ሥራው በስልክ ሆነ። በስልክ ማለት እንዲህ ነው፤ አንዱ ስልኩን ይይዛል፣ እኔ የማሽኑ ሆድ ውስጥ እገባለሁ፣ መሐንዲሱ «ወደ ግራ!» ብሎ ይጮሃል፣ ስልክ የያዘው ሰው የራሱን ግራ ያሳየዋል። አንዴ የሚይዝልኝ አጥቼ ስልኩን በጥርሴ ነክሼ ስሠራ አምልጦኝ የተቃጠለ ዘይት የሞላበት ባልዲ ውስጥ ገባ። ድርጅቱ መነጽሩን የላከው ለዚህ ነበር። ሁለት እጅ ለሥራው ነፃ እንዲሆን።

«ማን ያድርገው?» አለ ባለቤቱ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ግቢው በር ላይ ሻይ የምትሸጥ የቋራ ሴት አለች። ቀበቶውን ግንባሬ ላይ አስሬ ስወጣ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣ «ምነው ወንድሜ፣ ሁለቱ ዓይንህ ምን አጠፉና ሦስተኛ አስተከልክ?» አለችኝ።

መነጽሩ የሚታዘዘው በአፍ ነው። «አቅርብ» ስትለው ያቀርባል፣ «ፎቶ» ስትለው ያነሳል። ችግሩ የሚገባው የዜና አንባቢ ዐረብኛ መሆኑ ነው። የእኔ ዐረብኛ ደግሞ የገዳሪፍ ገበያ፣ ምላሴ የጎንደር። «አቅርብ» ስለው ዝም። ጮኼ ስለው ዝም። ሳባብለው ፎቶ አነሳ። ሦስት ቀን ሙሉ ኮምባይነር ፊት ቆሜ ለብቻዬ ስለፈልፍ ጓደኞቼ ሥራ ፈትተው ሳቁብኝ። ሻይ ሻጯ ቃላቱን ከመነጽሩ ቀድማ ለመደቻቸው፤ እኔ እዚህ «አቅርብ!» ስል እሷ ከበር «እሺ ጌታው፣ መጣሁ!» ትላለች።

በአራተኛው ቀን ከመነጽሩ ድምፅ መጣ። ወንድ ስጠብቅ የሴት ድምፅ ሆነ።

«ሰላም ዐለይኩም ኡስታ። መሐንዲሷ ነኝ፣ ከፖርት ሱዳን» አለች። ኡስታ እዚህ ባለሙያ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ስም ነው። «ዛሬ ምን አለን?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ሠራን። እኔ ቁልፍ ይዤ እገባለሁ፤ እሷ በእኔ ዓይን ታያለች። መፈታት ያለበትን ቡሎን በአረንጓዴ ክብ ትከብልኛለች፤ ክቡ ዓይኔ ፊት ይንሳፈፋል፣ ራሴን ባዞርም ቡሎኑን አይለቅም። አንድ ቀን የሃይድሮሊክ ቱቦ ልፈታ እጄን ስሰድ «ቁም!» አለች። «ግፊቱን ሳታወጣ ከነካኸው ጣትህን ይዞት ይሄዳል።» ቁልፉን አስቀምጬ መጀመሪያ ግፊቱን አወጣሁ። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በልቤ አንቱ እላት ነበር።

ስለ ሥራ እንጂ ስለ ሌላ አናወራም ነበር። ያ የተለወጠው በክረምት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የትራክተር ክላች እያሰርን ሳለ የጋራዡ ቆርቆሮ መንጣጣት ጀመረ።

«ዝናብ ነው የምሰማው?» አለች።

«አዎ። ከባድ ነው።»

«ኡስታ፣ ሥራው አይሮጥም። እስቲ ወጥተህ እየው» አለችኝ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ለራሴ ብሆን ዝናብ አይቼ እመለስ ነበር፤ ለሰው ሲያዩት ግን ሌላ ነው። ቀስ ብዬ ሰማዩን አየሁ፣ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ አየሁ፣ ግቢው ውስጥ ጥቁሩ አፈር ሲያብጥና ሲያብረቀርቅ አየሁ። ሻይ ሻጯ ምድጃዋን አቅፋ ስትሮጥ አየኋት። መሐንዲሷ ሳቀች። ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

«እዚህ የምኖርበት ክፍል መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው» አለች። «አባቴ ይሄን ጊዜ ዘር ጨርሶ ይሆናል።»

አባቷ መፋዛ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር እንደሚኖሩ የነገረችኝ በዚያ ቀን ነው። እናቷ ሞተዋል። እሷ ከካርቱም ስትሸሽ መንገዱ ወደ ባሕሩ ወሰዳት፤ እሳቸው መሬቴን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሁለት ዓመት አለፈ። ያላቸው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው፤ ድምፅ ይሰማል፣ ፊት አያሳይም። እሷ ልምጣ ስትል እሳቸው መንገዱ ደህና አይደለም ይሏታል።

«እንዴት ነህ ስለው ደህና ነኝ ይላል። ሁልጊዜ ደህና ነኝ» አለች።

ስለ እኔ አባት ልነግራት አፌ ላይ መጣ፤ አልነገርኳትም። እኔ የተወለድኩት ከሸኸዲ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቴ የሞቱት ድንበሩ በተዘጋበት ሰሞን ነበር። በስልክ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። እዚህ ገዳሪፍ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያገር ሰው ተሰብስቦ አስተዛዘነኝ፣ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ቁልፍ ይዤ ነው ያለቀስኳቸው።

ዝናቡ አልፎ ማሽላው ደርሶ ኮምባይነሮች ወደ እርሻ ከወጡ በኋላ፣ መፋዛ አጠገብ የአንድ ገበሬ ማሽን ቆመ። የጋራዡ ባለቤት «ነገ ጠዋት ትሄዳለህ» አለኝ። ያን ቀን ከመሐንዲሷ ጋር የሚያስፈልገውን መለዋወጫ ስንዘረዝር የቦታውን ስም ጠራሁ።

«ኡስታ፣ አንድ ነገር ልለምንህ?» አለች።

«አባትሽን ሄጄ እንዳይ ነው?»

«እኔ እንዳየው ነው» አለች።

ጠዋት በፒካፕ ወጣን። ሾፌሩ የገበሬው ወንድም ነው፤ ሜዳ ላይ ስልክ ስለማይሠራ የሳተላይት ኢንተርኔት ሰሃን ጭኗል። መነጽሩን ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ሐበሻ ሆኖ፣ ድንበር አጠገብ፣ በጦርነት ጊዜ፣ ግንባሩ ላይ ካሜራ አስሮ መሄድ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ መማር አያሻም። ኬላ ላይ አንድ ወታደር ሳጥኑን አስከፍቶ አገኘው። የድርጅቱን ደብዳቤ ሰጠሁት። አገላብጦ አነበበና፣ «ሲበራ አሳየኝ» አለ። ግንባሩ ላይ አሰርኩለት። የራሱን ጫማ በመስታወቷ ውስጥ ሲያይ ፈገግ አለ። «በዚህ መንገድ ላይ እንዳታደርገው» ብሎ መለሰልኝ። በጨርቁ ሁለቴ ጠቅልዬ ሳጥኑ ሥር መለስኩት።

የማሽኑ ሕመም ቀላል ነበር። አንድ የዘንግ ኩሽኔታ ነዶ ቺንጋውን፣ የጎማ ቀበቶውን፣ በልቶታል። ከመሐንዲሷ ጋር ሆነን ቀትር ሳይሞላ ጨረስን። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ያልኩትን ሁለቴ ታስደግመኝ ነበር። ገበሬው ምሳ ካልበላህ ብሎ ሲይዘኝ፣ የሰው አደራ አለብኝ ብዬ ተሰናበትኩት።

የአባቷ ግቢ በኒም ዛፎች የተከበበ ነው። ከዳሱ ሥር ጠፍር አልጋ ላይ ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ነጭ ጀላቢያ ለብሰው ተቀምጠዋል። መነጽሩን በእጄ ይዤ ገባሁ።

«ዐሚ፣ ልጅዎ ልካኝ ነው» አልኳቸው። ዐሚ አጎቴ እንደማለት ነው፤ እዚህ ለትልቅ ሰው የሚባለው እንዲያ ነው።

ከተቀመጡበት ሊነሱ ሞከሩ። «ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ልታይዎት ፈልጋ ነው።» ነገሩን አስረዳኋቸው። እሷ በእኔ ዓይን እንደምታያቸው፣ እሳቸው ግን ድምፅዋን ብቻ እንደሚሰሙ ነገርኳቸው። ካልፈቀዱም እንደማላበራው ነገርኳቸው። መነጽሩን ተቀብለው ዳበሱት።

«ስለዚህ አንተን ሳይ፣ እሷን እያየሁ ነው?»

«እንደዚያ ይቁጠሩት።»

«እንግዲያ ዓይንህን እንዳታዞር» አሉኝ።

ሾፌሩ ሰሃኑን ተከለ፤ ቀበቶውን አሰርኩ፤ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ለእኔ፣ «መቅረጫውን አጥፍቼዋለሁ ኡስታ፣ ይህ የሥራ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ያቦይ» አለች። አባዬ ማለቷ ነው።

ሽማግሌው ሁለት እጄን ያዙ። አጥብቀው። እጆቼ የሚይዙት ነገር ስላልነበራቸው ለእሳቸው ተረፉ። ዓይኔ ውስጥ እያዩ፣ «ልጄ» አሉ። እኔን አይደለም፤ ግን እኔን እያዩ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ከተመለከተኝ ስንት ዘመን እንደሆነ አላውቅም። እንባዬ ሊመጣ ሲል ታገልኩት፤ ዓይኔን ብጠርግ፣ ብዞር፣ እሷ አባቷን ታጣለች። እንደ ችካል ቀጥ አልኩ።

ስለ ማሽላው አወሩ። ስለ ጎረቤት አህያ አወሩ። እሳቸው ከስተሽ ይሆን ብለው ጠየቁ፤ እሷ ወፍሬያለሁ አለች። በመካከል ሽማግሌው እግራቸውን ሊያዛውሩ ሲቸገሩ በመስታወቷ ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ። እሳቸው እንዳይሰሙ በጽሑፍ ነው የላከችልኝ። «እግሩን አሳየኝ።»

ቀስ ብዬ ዓይኔን ወደ ታች አወረድኩ። እግራቸው እንደ ሊጥ አብጧል፤ የጫማው ማሰሪያ ሥጋቸው ውስጥ ጠልቋል። ሽማግሌው ወዲያው ገባቸውና የጀላቢያቸውን ጫፍ ጎትተው ሸፈኑት።

«ዓይንህን እንዳታዞር ብዬህ ነበር» አሉ።

አንዱ በጆሮዬ፣ አንዱ ፊት ለፊቴ፤ ሁለቱንም እሺ ብያለሁ። ሁለተኛ ጽሑፍ መጣ። «በጣትህ ጫነው።»

«ይቅር በሉኝ ዐሚ» ብዬ ተንበረከክሁና ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በአውራ ጣቴ ጫንኩ። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። አልሞላም።

«ያቦይ፣ ደህና ነኝ አልነበር የምትለኝ?» አለች። እያለቀሰች ነበር።

«እንቅልፍ እንዲወስድሽ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ሐኪም ቤት ሂድ ትላለች፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ ይላሉ። ትለምናለች፣ ኢንሻአላህ ይላሉ። ኢንሻአላህ ሲባል እሺ የሚሆንበትም እምቢ የሚሆንበትም አለ፤ የእሳቸው እምቢ ነበር። ያኔ ነው፣ ሳላስበው፣ የተናገርኩት።

«ዐሚ፣ የእኔም አባት ደህና ነኝ ይሉኝ ነበር።»

«ታዲያስ?» አሉኝ።

«ታዲያማ አልቀበርኳቸውም። ተቀብረው ነው የሰማሁት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ እሷን ሳይሆን እኔን። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ያዙ። «አላህ ይማራቸው» አሉ። ወደ ሾፌሩ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ያን በትሬን አቀብለኝ። ለጎረቤቴም ማሽላውን እንዲያይልኝ ንገረው» አሉ።

ገዳሪፍ ሆስፒታል ስናደርሳቸው ሐኪሙ ልባቸው ደክሞ ውሃ እየቋጠሩ መሆኑን ነገረን። መድኃኒት ሰጣቸው፣ ጨው ከለከላቸው፣ በየሁለት ቀኑ እያመጣችሁ አሳዩኝ አለ። መፋዛ መመለስ አይታሰብም። ቤቴ ወሰድኳቸው።

ሚስቴ ነገሩን ስነግራት ብዙ አልጠየቀችም። «የልጆቹን ክፍል ይውሰዱ» አለች። አንድ ነገር ግን አስጨንቋት ነበር። እሳቸው እስላም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን፤ ሥጋችንን አይበሉም፤ ምን ላብላቸው? ኋላ ጾመ ነቢያት መግባቱን አስታውሳ ሳቀች። እኛም ሥጋ አንበላም! ምስርና ባቄላ ከሰው ሃይማኖት አይጣላም። በእነዚያ ቀናት ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። የእሳቸውን ወጥ ብቻ ያለ ጨው ለየት አድርጋ ትሠራለች።

አንድ ምሳ ላይ ቀምሰው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይህ ወጥ ጨውን የሚያውቀው በዝና ነው» አሏት።

ዐረብኛዋ ጥቂት ነው፤ ሆኖም አልሰነፈችም። «ሲሻልዎ አስተዋውቃቸዋለሁ» አለቻቸው።

በስድስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። በስምንተኛው ልጃቸው መጣች። ከፖርት ሱዳን በከሰላ አድርጋ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ። መጀመሪያ የገባችው ጋራዡ ነው፤ የቤቴን መንገድ አታውቀውም። እኔ ትራክተር ሥር ተኝቼ ነበር። «ኡስታው የት ነው?» የሚል ድምፅ ስሰማ ከነዘይቴ ወጣሁ። በድምፅዋ ወጣት አድርጌ ነበር የማስባት፤ ከሻሿ ሥር የወጣው ፀጉር ሽበት ነው። እሷም ወደ ላይ ቀና ብላ አየችኝና ግር አላት።

«አጭር ሰው መስለኸኝ ነበር» አለች። «ሁልጊዜ ነገሩን ከሥር ስለምታሳየኝ።»

ሻይ ሻጯ ሳትጠየቅ ሁለት ብርጭቆ ይዛ ቀረበች። መሐንዲሷ ግን አልጠጣችም፤ መታገሥ አልቻለችም። እጄን በጋዝ ታጥቤ ወዲያው ወደ ቤት ወሰድኳት።

ከአባቷ ጋር ሲገናኙ አላየሁም። በሩን ከፍቼላት ከሚስቴ ጋር ውጭ ቀረን። በዓይኔ አንዴ አይቼላታለሁ፤ ይኼኛው የራሷ ነበር። ቆይቶ የሽማግሌው ሳቅ ተሰማና ሚስቴ ወጥ ልታሞቅ ተነሳች።

መሐንዲሷ ወደ ፖርት ሱዳን አልተመለሰችም። ድርጅቱ ከየትም ሆና እንድትሠራ ስለፈቀደላት ገዳሪፍ ቤት ተከራየች፤ የጋራዣችን ባለቤት ደግሞ ዕቃ ማስቀመጫውን አጽድቶ ቢሮ ሰጣት። አባቷ ከእሷ ጋር ናቸው። በሚቀጥለው ክረምት መፋዛ ሄጄ ዘሬን ካላየሁ ብለው አስቸግረው፣ ለአንድ ሳምንት ወስዳ መለሰቻቸው። መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ጨው ይሰርቃሉ። ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ በእኛ በኩል ያልፋሉ፤ ዓርብ ለእኛ ጾም መሆኑን ስለሚያውቁ ምስራችንን በልተው፣ ከሚስቴ ጋር ተሳስቀው ይሄዳሉ።

መነጽሩን አሁን የሚያደርጉት ሌሎች ናቸው። ሁለት መካኒኮች አሠልጥኜ ወደ ፋሽጋና ወደ ዶካ የሚወጡት እነሱ ሆነዋል፤ እኔ ዕድሜዬም ወገቤም ጋራዥ ውስጥ መቆየት ይመርጣሉ። አንዳንዴ ቢሮዋ ገብቼ ከጎኗ እቆማለሁ። ስክሪኑ ላይ የሌላ ሰው እጅ ሲሠራ አያለሁ። ቡሎን ከመፍታቱ በፊት «ቁም!» የምለው አሁን እኔ ሆኛለሁ።

ባለፈው ጥር መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ከጋራዡ ባለቤት ፈቃድ ጠይቄ በገላባት ወደ አገሬ ተሻገርኩ። ትንሿን ልጄን ይዣት ሄድኩ። እናቴ ከእህቴ ጋር ነው የምትኖረው፤ ልጄን አይታት አታውቅም ነበር። ልጄ በዐረብኛ ስታወራባት እናቴ ምንም ሳይገባት «እህ፣ እህ» እያለች ታዳምጣታለች፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። አምስት ቀን ተቀመጥን። የአባቴን መቃብር አየሁ፤ ድንጋዩ ዘሞ ነበርና ከእህቴ ባል ጋር አቃናነው። በስድስተኛው ቀን የመተማ መኪና ያዝን።

ገዳሪፍ ስደርስ ሰኞ ነበር። ግቢው ውስጥ ጎማው እስከ ግማሽ ጭቃ የደረቀበት ኮምባይነር ቆሞ ጠበቀኝ። ቱታዬን ለብሼ ገባሁበት።